ናፍጣ ያለ ካንዴላ በምን ይቀጣጠላል? ከደብረ ብርሃን ብርድ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሞተሩ 3ኤል የሆነ የናፍጣ ሃይሉክስ አለኝ። ከጥቅምት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ያዞራል፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ግን በስንት ልመና ነው የሚነሳው። ሸዋ ሮቢት ወርጄ ያደርኩ ቀን በአንድ ቁልፍ ይነሳል። አጠገቤ የሚያድረው የጓደኛዬ ቪትዝ ደግሞ በዚያው ብርድ ምንም አይለውም። አንድ መካኒክ «ካንዴላ ቀይር» አለኝ፤ ሌላው «ናፍጣ ምን ካንዴላ አለው? ይልቅ ትንሽ ቤንዚን ቀላቅልበት» አለኝ። ለመሆኑ ናፍጣ ያለ ካንዴላ በምን ይቀጣጠላል? ቤንዚኑስ ይጠቅመዋል?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ቤንዚኑን አትቀላቅል። ለምን እንደሆነ ሳስረዳህ የቀረው ጥያቄህም አብሮ ይፈታል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳቱን የሚለኩሰው ካንዴላው የሚሰጠው ብልጭታ ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ግን የሚለኩሰው አየሩ ራሱ ነው፤ አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ ናፍጣው የጋለው አየር ውስጥ ሲረጭ ይቀጣጠላል። ያ ግለት ካልበቃ እሳቱን የሚያስነሳ ሌላ ነገር ሞተሩ ውስጥ የለም። ያንተ መኪና ጠዋት የሚያጣው ይህንኑ ግለት ነው።

መጀመሪያ የጓደኛህን የቤንዚን መኪና፣ ቪትዙን እንየው። ፒስቶኑ ሲወርድ ሲሊንደሩ የሚስበው አየርና ቤንዚን የተቀላቀለበትን ነው። ፒስቶኑ ሲመለስ ያንን ድብልቅ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ያምቀዋል። ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቦቢናው የባትሪውን 12 ቮልት ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ከፍ አድርጎ ለካንዴላው ይሰጠዋል፣ በካንዴላው አፍ ላይ ብልጭታ ይዘላል፣ ነበልባሉም ከዚያች ነጥብ ተነስቶ ድብልቁን እየበላ ይሰፋል። ልብ በል፤ ነዳጁ ከብልጭታው በፊት ከአየሩ ጋር አብሮ እየታመቀ፣ አብሮም እየጋለ ነው። ስለዚህ ከቤንዚን የሚፈለገው ጠባይ ትዕግሥት ነው። ነበልባሉ ሳይደርሰው በራሱ ከተነሳ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲብስ ፒስቶን ይበሳል። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር የዚህ ትዕግሥት ልክ ነው። የቤንዚን ሞተር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሚያምቅበት እጥፍ፣ ከ10 ወይም ከ11 ለ1 ብዙም የማያልፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያምቁት ልዩ ጥንቃቄ የተደረገባቸው አዳዲስ ሞተሮች ናቸው።

ወዳንተ ሞተር ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ፒስቶኑ ሲወርድ የሚስበው አየር ብቻ ነው፣ ነዳጅ የሚባል ነገር የለበትም። ቀድሞ የሚቀጣጠል ነገር ስለሌለ የፈለጉትን ያህል ማመቅ ይቻላል፤ 3ኤል አየሩን 22 እጥፍ ገደማ ያምቀዋል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል፤ ሲሊንደርህ ውስጥ የሚሆነው ያው ነው፣ መጠኑ ግን ሌላ ነው። ፒስቶኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ፖምፓው ናፍጣውን ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት (አንድ ባር በባሕር ጠለል ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው) ወደ ኢንጀክተሩ ይገፋል፣ ኢንጀክተሩም እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል። ኮመን ሬይል የሚባሉት አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ይጠቀማሉ። ጠብታዎቹ በጋለው አየር ይሞቃሉ፣ ይተናሉ፣ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላሉ፣ ይቀጣጠላሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። ሞተሩ መቼ እንደሚቀጣጠል የሚወስነው እንግዲህ ነዳጁ የሚረጭበት ቅጽበት ነው፤ ካንዴላ በቤንዚን ሞተር የያዘውን ቦታ እዚህ የያዘው ፖምፓው ነው ማለት ትችላለህ።

አሁን ቁጥሩን ላሳይህ፤ የብርዱ ነገር ያለ ቁጥሩ አይገባም። አየር ምንም ሙቀት ሳያመልጠው 22 እጥፍ ቢታመቅ ሙቀቱ 3.44 ጊዜ ያድጋል። የሚባዛው ግን ቴርሞሜትር ላይ የምናነበው ዲግሪ አይደለም፤ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከበረዶ ነጥብ 273 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ካለው መነሻ የሚቆጠረው ነው። ጎህ ሲቀድ ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ 2 ዲግሪ ነው እንበል። በዚህ አቆጣጠር 275 ይሆናል፤ በ3.44 ሲባዛ 946፣ 273 ሲቀነስለት 673 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ሸዋ ሮቢት በዚያው ሰዓት 22 ዲግሪ ቢሆን መነሻው 295 ነው፤ ሲባዛ 1,015፣ ሲቀነስ 742። ውጭ የነበረው የ20 ዲግሪ ልዩነት ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ 70 ዲግሪ አደገ። ውጭ አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ውስጥ ከሦስት ዲግሪ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። አንተ ሮቢት ላይ ያየኸው ልዩነት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

«ናፍጣ በራሱ የሚቀጣጠለው ከ210 እስከ 250 ዲግሪ አካባቢ አይደለም እንዴ? 673 ሲተርፈው ለምን አይነሳም?» ልትለኝ ትችላለህ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያሰላነው ምንም ሳይባክን ነው፤ ብርድ ያደረበት ሞተር ግን ብዙ ያባክናል። ሞተሪኖው ሞተሩን የሚያዞረው በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ዙር ቢሆን ነው። በዚህ ዝግታ አየሩ ሲታመቅ ሁለት መውጫ ያገኛል፦ ግለቱ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ወዳደረው የካሚሻና የቴስታታ (የሲሊንደሩ ግድግዳና ክዳን) ብረት ይሸሻል፣ አየሩ ራሱ ደግሞ ፒስቶኑን በከበቡት ቀለበቶች፣ በፋሻዎቹ፣ እና በቫልቮላዎቹ (በአየሩ መግቢያና መውጫ በሮች) ክፍተት ያመልጣል። እንደ ሞተሩ ድካም ከሒሳቡ መቶዎች ዲግሪ ሊጎድል ይችላል። በዚያ ላይ ያ ከ210 እስከ 250 የተባለው በቂ ጊዜ ሲሰጠው ነው፤ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ተንኖ እንዲቀጣጠል ከተፈለገ አየሩ ከዚያ በጣም መብለጥ አለበት። ስለዚህ የደከመ ባትሪ ለናፍጣ ሞተር ሁለት ጊዜ ጠላቱ ነው። ቀስ ብሎ ማዞር ማለት ግለቱ የሚሸሽበትን ጊዜ ማርዘም ነው። የቪትዙ ብልጭታ ግን የውጩ አየር 2 ይሁን 22 ያን ያህል አያስጨንቀውም፤ ቤንዚን በብርድም ይተናል፣ ብልጭታው ካለ ይነሳል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ጣርማ በር ስትደርስ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ይሆናል፣ መሐል ሜዳም ከዚያ ብዙ አይለይም። ብዙ ሰው «አየሩ ስለሳሳ አይግልም» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ሙቀቱ የሚባዛበት ልክ በታመቀው እጥፍና በመነሻው ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይወሰንም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር በክብደት ያነሰ ስለሆነ የሚይዘው ግለትም ያነሰ ነው፤ ግለቱን የሚነጥቀው ብረት ግን ያው ነው፣ አይቀንስም። ግፊቱ ዝቅ ሲልም ናፍጣው ከተረጨ በኋላ እስኪቀጣጠል ያለው መዘግየት ይረዝማል። መዘግየቱ ሲረዝም ብዙ ናፍጣ ሳይነድ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይነሳል። ጠዋት እንደምንም ሲነሳ የምትሰማው ያ ኃይለኛ ኳኳታ የዚህ ድምፅ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይለዝባል።

ሁለቱ ነዳጆች በጠባይ ተቃራኒ መሆናቸው ብዙ ሰው ያሳስታል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ሳይቀር ክብሪት የሚይዘው ትነት ይሰጣል። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ክብሪት የሚይዘው ትነት አይወጣውም። ከዚህ ተነስቶ ሰው «ቤንዚን ቶሎ ይነዳልና ናፍጣዬን ያግዘው» ይላል። ቶሎ የሚነደው ግን ነበልባል ወይም ብልጭታ ሲነካው ነው። ነበልባል በሌለበት፣ በግለት ብቻ በራሱ እንዲነሳ ስትጠይቀው ቤንዚን እምቢተኛ ነው፤ ቀደም ብዬ ያልኩህ ትዕግሥቱ እዚህ ይጎዳሃል። ናፍጣ በግለት ቶሎ የመነሳት ጠባዩ ሴቴን በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ገበያ ላይ ያለው ናፍጣ ከ40 እስከ 55 መካከል ነው። ቤንዚን ስትጨምርበት ሴቴኑ ይወርዳል። ማለትም ግለት አንሶት ለተቸገረ ሞተር ይበልጥ ግለት የሚጠይቅ ነዳጅ ሰጠኸው።

ሌላም ጉዳት አለው። ያንተን መሰሉ ፖምፓ ውስጡ የሚለሰልሰው በዘይት አይደለም፣ በራሱ በናፍጣው ነው። ቤንዚን ደረቅ ነው፣ ያጥበዋል፤ በጣም ተጠጋግተው የሚሠሩት የፖምፓ ብረቶች ይፋቃሉ። ነጭ ጋዝም በዚህ በኩል ከናፍጣ ይደርቃል። ሰርባቶዮህ (የነዳጅ ጋንህ) ውስጥ ያለው ትነትም ከዚያ በኋላ እንደ ቤንዚን የሚፈራ ይሆናል። በድሮ ጊዜ በጣም ብርዳም አገሮች ናፍጣው ራሱ እንዳይረጋ ትንሽ ቤንዚን የሚፈቅዱ የመኪና መመሪያዎች ነበሩ። ያ የነዳጅ መርጋት መላ እንጂ የማቀጣጠያ መላ አልነበረም፤ የኛ ደጋ ብርድም እዚያ ደረጃ የሚደርስ አይደለም።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የተገኘ አለመሆኑን ብታውቅ ደስ ይለኛል። ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምት ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1876 ሲያሠራ የሚያምቀው አየርና ጋዝ አብሮ ስለነበር ከትንሽ በላይ ማመቅ አይችልም ነበር። ሩዶልፍ ዲዝል የተነሳው ይህንን ገደብ ለመስበር ነው፤ አየሩን ብቻውን አምቆ ነዳጁን በመጨረሻ ማስገባት። እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመን አውግስቡርግ ላይ የተፈተነው ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ፤ በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች በእጅጉ የበለጠ ነበር። ለመኪና የሚመች እንዲሆን ግን ትንሽና ትክክለኛ ፖምፓ ያስፈልግ ነበር፤ ያ የመጣው የቦሽ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 ፖምፓውን በብዛት ማምረት ሲጀምር ነው። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር የሚወጣ አይሱዙ ከቤንዚን መኪና ያነሰ ነዳጅ በልቶ ያንን ሁሉ ጭነት የሚጎትተው በዋናነት አብዝቶ ስለሚያምቅ ነው።

አሁን ወደ «ካንዴላው» ልመለስ። የመጀመሪያው መካኒክ ካንዴሊቲውን ማለቱ ይመስለኛል፤ ከሆነ ምክሩ ከሁለተኛው ይሻላል። ካንዴሊቲ ብልጭታ አይሰጥም። ጫፉ ላይ የሚግል ዘንግ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ ከባትሪው ኃይል ወስዶ በጥቂት ሰከንድ ከ800 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሥራው ከማስነሳት በፊትና ገና ሲነሳ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በየሲሊንደሩ አንድ አንድ ያሉትን አራቱንም ነቅለህ ብትወረውራቸው፣ ቀዳዳቸው ከተደፈነ፣ ሞተሩ መሥራቱን አያቆምም። ካንዴላ ግን ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ በየዑደቱ ይፈለጋል።

3ኤል ካንዴሊቲ የግድ የሚፈልገው በአሠራሩ ነው። ናፍጣው የሚረጨው በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። አየሩ በጠባብ ቀዳዳ ተሽከርክሮ ይገባባታል፣ ናፍጣውን በደንብ ይቀላቅለዋል፤ ሞተሩ ለስለስ ብሎ የሚሠራው በዚህ ነው። የዚያች ክፍል ግድግዳ ግን ከያዘችው አየር ጋር ሲተያይ ሰፊ ነው፣ ግለት ይሰርቃል። ስለዚህ ነው 22 እጥፍ እያመቀም ካንዴሊቲ የሚፈልገው። ናፍጣውን በቀጥታ ፒስቶኑ ጉድጓድ ላይ የሚረጩት ብዙ ትልልቅ የጭነት ሞተሮች ከ16 እስከ 18 እጥፍ ብቻ አምቀው ያለ ካንዴሊቲ ሲነሱ የምታየው፣ የሚሰረቅባቸው ግለት ትንሽ ስለሆነ ነው።

ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ብዙ ይናገራል፤ መካኒክ ጋ ከመሄድህ በፊት እሱን አንብበው። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ነዳጁ ሲሊንደር ደርሷል፣ የጎደለው ግለት ነው ማለት ነው። ያንተ ይህ ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ምንም ጭስ የማይወጣ ቢሆን ኖሮ ነዳጁ ራሱ አልደረሰም እልህ ነበር፤ አየር ገብቷል፣ ፊልትሮ ተደፍኗል፣ ወይም ፖምፓው ላይ ያለው ነዳጅ የሚከፍተው ኤሌክትሪክ ተቋርጧል። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆመህ ዳገቱን የሚወጡትን ቅጥቅጦች ብታይ ይህንን ታያለህ። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚያስተካክለው በሚረጨው ነዳጅ ልክ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ ጣርማ በር ላይ ያንኑ ናፍጣ ሲሰጥ የሚያነደው አየር አይበቃውም። «ጉልበት ይጨምርልኝ» ብሎ ፖምፓ ማስከፈት እዚህ ከፍታ ላይ የሚጨምረው ጭሱንና የማርሚታውን ግለት ነው፤ ባለንብረቶች ይህንን ባያደርጉት ብዬ ከልቤ እመኛለሁ።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙረህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የጥቅልል ሽቦ ምልክት እስክትጠፋ ጠብቅ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጨምርበት። ችኮላው ራሱ ችግር የሆነበት ብዙ ሾፌር አለ። በጣም ሲበርድ ቁልፉን መልሰህ አንድ ጊዜ ደግመህ አሙቅ። ይህ ለውጥ ካመጣ ጥፋቱ ማሞቂያው በኩል ነው፤ ካንዴሊቲ፣ ወይም ኤሌክትሪኩን የሚልክለት ሪሌ፣ ወይም ሰዓቱን የሚቆጥረው ክፍል።

ካንዴሊቲውን መፈተሽ ቀላል ነው። አራቱን የሚያያይዘውን የብረት ዘንግ አውልቅ። ባለ 12 ቮልት አምፖል ወስደህ አንዱን ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ እሰር፣ ሌላውን እያንዳንዱ ካንዴሊቲ ራስ ላይ አስነካ። አምፖሉ ቦግ ካለ ካንዴሊቲው ጤነኛ ነው፣ ካልበራ ተቃጥሏል። ከአራቱ አንድ ሲሞት ሞተሩ እያነከሰ ይነሳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሲሞቱ ያንተን ዓይነት ጠዋት ያመጣሉ። ነቅለው በባትሪ በቀጥታ እያጋሉ የሚፈትሹ አሉ፤ አንዳንዱ ካንዴሊቲ ከ12 ቮልት ባነሰ ኃይል እንዲሠራ የተሠራ ስለሆነ ዓይንህ እያየ ይቃጠላል። ስትገዛም የሞተሩን ዓይነትና ቮልቱን ተናግረህ ግዛ፤ አራቱንም በአንድ ጊዜ ቀይር።

ቀጥሎ ባትሪና ዘይት። ባትሪ በረዶ ነጥብ አካባቢ ሲደርስ ሞተሪኖ የሚያዞርበት አቅሙ ሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ ሮቢት ላይ ደህና የሚመስለው እዚህ የሚሰንፈው ለዚህ ነው። የባትሪ ራሶችንና የቦዲውን ሽቦ አጽዳ፣ አጥብቅ። ዘይትህ ቁጥሩ ነጠላ 40 ከሆነ በ15ደብሊው-40 ለውጠው። ነጠላው በብርድ እንደ ማር ይወፍራል፣ ሞተሪኖውን ያደክመዋል።

ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ሰርባቶዮ ተመልሶ አየር የገባበት መኪናም እንዲህ ሊያስቸግር ይችላል። ጠዋት ከማስነሳትህ በፊት ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ግፋው። ልዩነት ካየህ ከሰርባቶዮ እስከ ፖምፓ ባለው መስመር ላይ የላላ ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ፈልግ። ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃም እግረ መንገድህን አፍስሰው።

ካንዴሊቲው፣ ባትሪውና መስመሩ ደህና ሆነው ችግሩ ካልለቀቀ ኢንጀክተሮቹን የሚፈትሽ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ውሰዳቸው። እንደ ጉም መርጨት ሲገባው የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር በሞቀ ሞተር ላይ ብዙ አያስታውቅም፤ በብርድ ግን ትልልቅ ጠብታ ለመተነን የሚሆን ግለት አይገኝም። የፖምፓው ሰዓትም፣ ማለትም ናፍጣውን የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ይታይ። የ3ኤል ፖምፓ የሚነዳው በጎማ ሲንጋ (ቀበቶ) ነው፤ ሲንጋው አንድ ጥርስ ከዘለለ ናፍጣው የሚረጨው አየሩ ገና ሳይግል ወይም ከጋለ በኋላ እየቀዘቀዘ ሳለ ይሆናል። ሲንጋው ከተቀየረ 100,000 ኪሎ ሜትር ካለፈው ደግሞ ስለ ማስነሳቱ ብለህ ሳይሆን ስለ ሞተሩ ደኅንነት ቀይረው፤ ሲበጠስ ቫልቮላ ይዞ ነው የሚሄደው።

ሁለት ነገር አታድርግ። በካርተሩ (በሞተሩ የዘይት ቋት) ሥር እሳት ማንደድ በየበረንዳው አያለሁ፤ የዘይት ጥፍጣፊና የናፍጣ እርጥበት ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚነደው፣ የፍሬንና የናፍጣ ጎማዎችም እዚያው ናቸው። መኪናህን ነፋስ የማያገኘው ግንብ ሥር ማሳደር፣ ኮፈኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ መሸፈን (ስታስነሳ ማንሳት አትርሳ) ይሻልሃል። ሁለተኛው፣ በአየር ፊልትሮው በኩል ቤንዚን መርጨት ወይም በቆርቆሮ የሚሸጠውን ማስነሻ መንፋት ነው። ካንዴሊቲው ግሎ ሳለ ይህ ትነት ከደረሰው ፒስቶኑ ሳይዘጋጅ ይፈነዳል፤ ፋሻ ሲሰበር፣ አልፎም ፒስቶን ሲሰነጠቅ ይህ ነው ምክንያቱ።

የመጨረሻው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ሲያምቅ የሚደርስበትን ግፊት፣ መለካት ነው። እዚህ ላይ በተለይ እንድትጠነቀቅ እፈልጋለሁ፤ በኛ አካባቢ ጤነኛ ሞተር «አልቋል» ተብሎ የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው። መመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። መጽሐፉ 30 ባር ገደማ ቢል፣ የኛ አየር 70 በመቶ ስለሆነ አዲስ ሞተር እንኳን ደብረ ብርሃን ላይ ከ20 ባር ብዙ ፈቅ አይልም። መካኒኩ 20 አንብቦ «ሞተሩ ወድቋል፣ ፋሻ ይቀየር» ቢልህ ቁጥሩ የተነበበው የት ከፍታ ላይ እንደሆነ ጠይቀው። በሞቀ ሞተርና በሞላ ባትሪ አራቱንም ሲሊንደር ለካ፣ እርስ በርሳቸው አስተያያቸው። አራቱም 20 ባር አካባቢ ተቀራርበው ከቆሙ ቴስታታውን አታስወርድ። ሦስቱ 20 ሆነው አንዱ 14 ቢሆን ግን እዚያ ሲሊንደር ውስጥ በካንዴሊቲው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አንጠባጥበህ ደግመህ ለካ፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ የሚያፈሰው ፋሻው ነው፤ ባለበት ከቀረ ቫልቮላው ወይም የቴስታታው ጉርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው፤ ቴስታታውም ያን ጊዜ ይወርዳል።